ቃለ ጉባኤ

ዛብዤ፣ የካቲት ነው። ከውጭ በረዶ ይጥላል፤
ከውስጥ የብረት ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ያስላል።
አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ፣
ለሁለት ደረት፣ አንድ ሳንባ ተመድቦ።
እኔ አልመርጥም፣ አልፈርድም፤ ጸሐፊ ነኝ፣ እጽፋለሁ፤
የተባለውን እይዛለሁ፣ ያልተባለውን እዘላለሁ።

አንደኛው መዝገብ፦ ዶብሮሚላ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣች ሕመም ደረቷን ያነቃት።
ሁለተኛው፦ አሎይስ፣ ሥልሳ አንድ፣ ጡረተኛ፣
የሰባተኛው ጉድጓድ ቆፋሪ፣ አጫሽ፣ ሳለኛ።

ዶክተሩ ከደረቱ ውስጥ የተነሳውን ፎቶ ዘርግቶ፣
«ይኸው» አለ፣ ጥቁሩን በእርሳስ ጫፍ ነክቶ፤
«በቀን ሃያ ሲጋራ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ።
ሰው የዘራውን ያጭዳል። ‹ጥፋቱ የራሱ ነው› በሉ።»

ጻፍሁ።

(ሰብሳቢያችን አምና በበረዶ ሸርተቴ እግሩን ሰብሮ፣
እዚሁ ነው የተጠገነው፣ አጥንቱ በብሎን ታስሮ፤
ያኔ «ተራራው ላይ ማን ውጣ አለህ?» ያለው የለም፤
ደግሞም ማለት አልነበረበትም።)

ዓይኔ ግን ከፎቶው ላይ ወደ ማሞቂያው ሸሸ።
የቱ ነው በሲጋራ፣ የቱ ነው በጉድጓድ የጠለሸ?
የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እግሬን እንዳይበርደው፣
እናቴ በአካፋ እየዛቀች ምድጃ የከተተችው፣
እሱ የማሰው ቢሆንስ? በሱ ሳል ቢሆንስ የሞቅነው?
ጥቁርን ከጥቁር የሚለይ ሚዛን የለም፤
ቢኖርም፣ ያን ቀን ማንም ይዞ አልመጣም።

ድምፅ ተሰጠ፤ ለልጅቷ፣ አምስት ለዜሮ።
እኔም እጄን አነሳ ነበር፣ ድምፅ ቢኖረኝ ኖሮ።

ኮሪደሩ ላይ አሎይስ፣ ኦክስጅኑን በጋሪ ይዞ፣
የገርትሩዳን፣ የሚስቱን፣ ክንድ ተመርኩዞ።
«ለልጅቷ ይሁን» አለ። ትንፋሽ ሰበሰበ።
«ደግ አደረጋችሁ።» ደግሞ ሰበሰበ።
«ያቺን ቃል ግን፣ ‹ጥፋቱ›ን፣ ሰርዢያት በሞቴ።
አላጨስኩም አልልም፤ ያን እመልሳለሁ ለፈጣሪዬ፣ ለሚስቴ።
ሳንባ አነሰ በሉ፤ እውነት ነው፣ አንሷል።
ዕድሜው ገፋ በሉ፤ እሱም ደርሷል።
በየወሩ ከደመወዜ ጋር የተከፈለኝን አቧራ ግን፣
በኔ ስም ብቻ አትጻፉብኝ።

ሌላም አለ። ሲጨንቀኝ፣ ማሽን ጉሮሮዬ እንዳይገባ።
መስኮት ይከፈትልኝ፣ በቃ።» ገርትሩዳ ዞረች፤ አላየሁም እንባ።

ይህን ሁለተኛውን ጻፍሁ፤ ቅጽ አለው፣ ፈረመ።
ለመጀመሪያው ቅጽ የለም። ቃሉ እንዳለ ታተመ።

በመጋቢት ሞተ፤ መስኮቱ ክፍት ነበር ሌሊቱን ሙሉ።
ዶብሮሚላ ሁለት ፎቅ፣ ሳታርፍ፣ በእግሯ ወጣች አሉ።

ዛሬ ማታ ቤቴ ገብቼ ማሞቂያውን ዘጋሁት።
ትንሽ ቆየሁ። በረደኝ።
ተነስቼ ከፈትሁት።