ጳጉሜ ስድስት

አስማረች ደወለች ከጀልባው መነሻ፣
ትኬት ከምትቆርጥባት ከቆርቆሮ ዋሻ፦
«ሠላሳ መንገደኛ አፍጥጦብኛል፣
ስንሻው የት አለ? ሐይቁ ባዶ ሆኗል።»

ስንሻው ስልኩን አምኖ ገና ተኝቷል፤
እሷ ሦስት ያለችው ለሱ ዘጠኝ ብሏል።
ጥፋቱ ከኔ ነው፤ የጻፍኳት ፕሮግራም
ከእኩለ ሌሊት ነው የምትቆጥር ሁልጊዜም፤
ፀሐይ በጣና ላይ ብቅ ስትል አታውቅም፣
ስድስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ብትጥልም
ለምን ብላ አትጠይቅም።

«የጻፍኳት» ብዬ ነው አፌ የለመደው፤
እውነቱን ካወራን ሥሯን ሌላ ነው የተከለው፤
ከየት አገር እንደሁ የማላውቀው ሰው
ደብዳቤ፣ ቀጠሮ፣ የአድራሻ መዝገብ
ባንድ አስሮ ትቶታል፣ ማንም እንዲያነብ፣
ማንም እንዲያቃና፣ ማንም እንዲቀጥል፤
የኔ ድርሻ ቢኖር የአማርኛው ያህል፣
ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከባጃጅ ጩኸት በላይ፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ።

ስህተት እምቦጭ ነው፤ ከዚህ ስነቅለው
ማዶ አብቦ ነው በማግስት የማገኘው።
እምቦጭ ላንድ ሰው ክንድ መች ተነቅሎ ያውቃል?
መንደር ይወጣለታል፣ እስከ ወገብ ይሰምጣል።
እኔ ግን ብቻዬን፣ መብራት እስኪጠፋ፣
ስነቅል አመሸሁ፣ ስነቅል ስከፋ።

በዚያው ሌሊት መጣ አሥራ አንድ መስመር።
ላኪው «ዶቃ» ይላል፤ ሌላ ስም አልነበር፤
ወንድ ይሁን ሴት ይሁን፣ ከደሴ ወይ ከደብረ ማርቆስ፣
ስድስቱን ሰዓት አወጣ፣ ሳያርስ አንዲት ልብስ።

በማመስገን ፈንታ ሆድ ባሰኝ፣ ልንገራችሁ፤
ማነው እቤቴ ገብቶ ወንበር የሚያዞረው? አልሁ።
ዘጠኝ ቀን ዘጋሁት። ዘጠኝ ቀን አስማረች
መንገደኛ አረጋጋች፣ በእስክሪብቶ ጻፈች።
በአሥረኛው ባነበው፣ ባገላብጠው፣
አንዲት ነጥብ እንኳ የለ የምነቅፈው።
«ተቀብያለሁ» አልሁ። አጭር ቃል ናት ስትታይ፤
ጣቴ ግን ቆየበት፣ ቆየበት ቁልፉ ላይ።

አስማረች ደብተር አላት፣ ስህተት መልቀሚያዋ፤
ቁጥር አርባ አንድ ይላል በሰማያዊ ቀለሟ፦
«ከነሐሴ ሠላሳ ዘሎ መስከረም ላይ ይወድቃል።
ጳጉሜ የት ሄደ? ወይስ በጳጉሜ ሰው አይሳፈርም ይላል?»

መሪጌታ እንቆባሕርይ፣ ከዘጌ መጥተው፣
ዣንጥላቸውን አጥፈው፣ ይህን ሰሙ ቆመው።
«ዓመተ ዓለሙን በአራት ግደፍ» አሉኝ በዝግታ፣
ጣታቸው በእርጥቡ ሳንቃ ላይ ሲመታ፦
«አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣
ምንም ካልቀረ ዮሐንስ፤ ሦስት ከቀረህ ሉቃስ፤
በሉቃስ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ አለቀ።»
ጽሕፈቱ ከሳንቃው ሳይደርቅ ስልኬ ላይ ጸደቀ።

ካዋጡ ሰዎች መሃል፣ ከዶቃ ስም ሥር፣
ስማቸውን ባሳይ ተቆጡ በምር፦
«ሰርዘው ልጄ፤ እኔ ከመምህሬ ሰማሁ፣
እሳቸው ከመምህራቸው። ምኑን የኔ አረግሁ?»
«እኛም እንደዚያው ነን» አልኳቸው። አልሰረዝሁም።
ዣንጥላውን ዘረጉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ጳጉሜ ስድስት ጧት ስልኮች ተርገበገቡ፦
«ዘጌ፣ ሦስት ሰዓት።» ወረደ ዝናቡ።
ስንሻው ቀድሞ ደርሶ ገመድ ሲፈታ አገኘሁት፤
ሠላሳው ሰው ገባ፤ አንድ ወንበር ሳይተርፍ ሞሉት።

ማታ ስልክ ጮኸ። «አርባ ሁለት» አለች፣
ሰላምታ ሳትሰጠኝ፣ ድምጿን ዝቅ እያረገች፤
«እንቆባሕርይን በሃሌታው ሀ ብጽፋቸው
አላውቃቸውም ይላል። በፊደል ነው እንዴ ሰው የሚጠፋው?»

በሐመሩ ሐ ነበር የመዘገብኳቸው፤
ሐመር ማለት ጀልባ፤
በሌላ ጀልባ ተሳፍረው ነው ያጣቻቸው።

ላስተካክለው እጄ ሄደ፣ ቁልፉ ላይ ደረሰ፤
ከዚያ ጻፍኩና ክፍት ተውኩት፤ ልቤም አልከሰሰ።
መብራት ጠፍቶ መጣ። ከታች አንድ መስመር፦ «እኔ ልሞክረው።»
ዶቃ አይደለም ይኼኛው፤ ስሙን አላውቀው።