ስቴይኑን እና ቆጣሪው

"የፈሰሰ አይታፈስም" የሚል ተረት አልሰማችም፤
ስቴይኑን በአይስላንድ ውርጭ ሌሊቱን አትተኛም፤
ማራገቢያው ሲያጓራ፣ ሰማይ በወንፊት ሲነፋ፣
ጢሱ በውሃ ተበጥብጦ ወደ ጥቁር አለት ሲደፋ።

እዚያ ይረጋል፤ ይነጣል።
ናሙናው መዳፏ ላይ ነው፣ የወተት ጥርስ ይመስላል።

ነገሩ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው፦
ቶኑን የገዛው አየር መንገድ፣ ተሰርዮለት ኃጢአቱ፣
ሦስት አውሮፕላን አዘዘ በማግስቱ።

"የጀልባው ቀዳዳ ሳይደፈን በማንኪያ መጭለፍ!"
ብሎ ሳቀ፣ ዓሣ አጥማጁ ወንድሟ ኤይቪንዱር።
"ቢደፈንስ? የገባውን ማን ይጨልፈዋል?" አለችው።
ሾርባው ቀዘቀዘ።

ንጋት ላይ ቆጣሪው ከተስፋው ሲሶውን አሳየ፤
ቁጥሩን ሳታሳምር ጻፈች።
በላይዋ አውሮፕላን አለፈ — ጭረቱ ነጭ፣
እንደ ድንጋይዋ ነጭ።