ገና አታውርዱኝ

ነጩ ቫን የእኔ ነው፤ ማለቴ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፤
«አብረን» ይላል በጎኑ፤
ግማሹ ቀለም ለቋል፣ የሳልቶ ፀሐይ ነው ምክንያቱ።
ማክሰኞና ዓርብ ማለዳ ወጣቶቹን እለቅማለሁ።
ያማንዱን ከዳቦ ቤቱ ደጅ፤ እጁን ካልጨበጥኩት አይገባም፣
አንዴ ጨብጬው ብለቀው፣ ሦስት ካልሞላ አይረካም።
ኦዲላን ከወንዙ ዳር፤ መስማት የተሳናት ናት፣
ሐሜት በእጅ ሲነገር ግን፣ ማን እንደ እሷ አውቆበት!
መጨረሻ ላይ ማሪሴልን፣ ከረጅሙ ግንብ ሥር፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዊልቸሯ በተለጣፊ ያበደ፣
ምላሷ ስለት፣ ሹፌር ነው ብሎ የማይምር።

ማዕከሉ የድሮ ባቡር ጣቢያ ነው፤
የትኬት መቁረጫው መስኮት የኔሊዳ ቢሮ ሆኗል፤
ባቡር መምጣት ካቆመ ቆየ፤ ፎርም ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።
ሰባት ገጽ ነው።
«ብቻዋን መልበስ ትችላለች? አትችልም?
ደረጃ መውጣት ትችላለች? አትችልም?»
የኔሊዳ እስክሪብቶ ያመነታል፤
ባዶ ከተወችው በጀቱ ይቀራል፣
የተጠየቀችውን ብቻ ከጻፈች ልጅቷ ትቀራለች።
እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
ወንዝ ዳር ተወልጄ ዋና አልችልም።
ሚስቴን «አጥፍቻለሁ» ማለት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አልቻልኩም።
ይሄ የትኛው ገጽ ላይ ይሞላል?

ያን ዓርብ ሊፍቱ ማሪሴልን ይዞ ተነሣ፤
ከቫኑ ወለል ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው፣ ጓ! ብሎ ቆመ።
ቁልፉን ተጫንኩት። ሰደብኩት። በጫማ መታሁት።
ኔሊዳ ደወለች፤ ማዘጋጃ ቤቱ «በጽሑፍ ይቅረብ» አላት።
ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ ማን ይቀራል!
ሥጋ ሻጩ ከነሽርጡ፣ ማቴያቸውን የጨበጡ ሴቶች፣
ትምህርት የፎረፉ ልጆች፣
አንዱ መሰላል፣ አንዱ ገመድ፣ የቀረው ምክር ይዞ።
«አራት ሆነን እንሸከማት!» አለ ሥጋ ሻጩ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ።
«ልሸከምሽ ወይ?» ያላት ግን አልነበረም።

«ገና አታውርዱኝ» አለች።
ድምፅዋ ውስጥ ልመና አልነበረም።

ግንቡ ከእኔ ቁመት በስንዝር ይበልጣል። (እኔ አጭር ነኝ።)
ከማዶው በየጠዋቱ ጧ... ጧ... የሚል ነገር አለ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምታዋለች፤
ልጅ ሳለች አናጺ ይመስላት ነበር፣ ኋላ ደግሞ የሚፈርስ ቤት፤
አሁን ዓይኗ ከግንቡ በላይ ሲወጣ
አንድ ሽማግሌ ነው፤ በካናቴራ፣ በባዶ እግሩ፣
ኳስ በመዳፉ እየመታ ከግንቡ ጋር ይጫወታል፤
ከግንቡ በቀር የሚመልስለት የለም።

ቀና ሲል የልጅ ራስ አየ። ኳሷ አመለጠችው።
«ማነሽ አንቺ?»
«ጎረቤትህ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።»
ዝም አለ። ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ፣ ኳሷን አነሣ፣
«ትይዣለሽ?» ብሎ ወረወረ።
(ይሄኛው ጥያቄ ፎርሙ ላይ የለም።)
የመጀመሪያዋ አፍንጫዋን መታቻት፤ ሥጋ ሻጩ ጮኸ።
ሁለተኛዋን ያዘቻት።
ያማንዱ ይቆጥር ጀመር፤ ሦስት ሲደርስ ወደ አንድ ስለሚመለስ
ነጥቡ የማንም ሳይሆን ቀረ።
ኦዲላ መዳፏን ግንቡ ላይ አሳርፋ
ምቱን በድንጋዩ በኩል ታዳምጣለች።

አርባ ደቂቃ። ከዚያ ሊፍቱ፣ ማንም ሳይለምነው፣
እያቃሰተ ወረደ፤ ሁላችንም ጠላነው።

ማሪሴል ማመልከቻ ጽፋለች፦ ግንቡ ላይ በር ይውጣልኝ፣
ጎማ የሚያሳልፍ፣ ደፍ የሌለው።
የመጣላት መልስ፦ «እየታየ ነው።»
እስኪታይ ድረስ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሊፍቱ ይበላሻል፤
ስንዝር ሲቀረው፣ ልክ እዚያው ቦታ።
መካኒኩ ሁለቴ መጥቶ አሰረ፣ ፈታ፣
ዘይት ቀባ፣ ራሱን አከከ፣
«ምንም ጥፋት አልተገኘበትም» ብሎ ፈረመ።
እኔም ጣቴን ከቁልፉ ላይ አንሥቼ
ከሥሩ ፈረምኩ።