ተራ

ረቡዕ ማታ ነው፣ ሱቫ፤ ዝናቡ ዛሬም አላባራ፤
ከጦር ሰፈሩ ጀርባ፣ ከአዳራሹ ሰሌን ላይ፣
ስድስት ጥንድ ተቀምጠናል፣ ማንም ከማን ሳያወራ።

ቬኒያና፣ ጡረተኛዋ መቶ አለቃ፣
የእጅ ባትሪ አወጣች፣ ድንጋይ የሌለው፣ ያረጀ ዕቃ።
«ይህን የያዘ ይናገር፤ ተራው የእሱ ነው።
የሌላው ሥራ መስማት፣
የሰማውን መልሶ ማለት ነው፤
ሳይጨምር፣ ሳያርም፣ ሳይፈርድ።»
አንዱ ከኋላ ሳቀ። አንዷ ሕፃኗን አባበለች።
አንተ፣ ኢላይቲያ፣ አንገትህን ደፍተህ
የሰሌኑን ጠርዝ በጥፍርህ ትፈታለህ።

መካኒኩ ስለ አማቱ አማረረ፤
ሚስቱ ቃሉን ደገመችለት፤ ሳቁ፤ ባትሪው እኔ ዘንድ ደረሰ።
አሥራ አራት ወር ያጠራቀምኩት ነገር ሁሉ
አፌ ላይ ፈረሰ።
«ሲና ሳለህ፣» አልኩ፣ «የውሃ ፓምፑ ተበላሸ፤
ሰው አልጠራሁም፤ በመፍቻህ እኔው ጠገንኩት።
የቪሊሞኒ ጥርስ ወለቀ፤ ሌላ በቀለለት፤
ሁለቱንም በስልክ ሰማህ።
ከዚያ መጣህ።
በመጣህ በሦስተኛው ቀን ጨዉን ከቦታው አነሣህ።»

ጨው! አፈርኩ። ይህ ሁሉ ትምህርት ለአንድ ጣሳ ጨው?
አንተ ግን ቀና ብለህ፣ እንደ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣
ቃሌን አንድ በአንድ መለስከው፦
«ተቀብያለሁ። ፓምፑ ተበላሸ፤ ጠገንሽው።
ጥርሱ ወለቀ፤ በቀለ። መጣሁ። ጨዉን አነሣሁ።»
ዝም አልክ። ከዚያ ደንቡን ጣስክ፣ ጨመርክበት፦
«ቤቱ ያለ እኔ እንደሚቆም አየሁ፤
የፈራሁት እሱን ነው፤ በረሃውን አይደለም።»
ቬኒያና በአጠገባችን ስታልፍ ሰምታለች፤
አላረመችህም።

ትዳር በአንድ ረቡዕ አይጠገንም፤ ፓምፕ አይደለም።
ሐሙስ በገንዘብ ተጣላን።
ዓርብ ሌሊት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ከአልጋው ወርደህ፣
ጀርባህን ለግድግዳ ሰጥተህ፣
በሩን ትጠብቃለህ፣ ማንም ያላዘዘህ ዘብ።
መብራት ጠፍቷል። በዳበሳ ስመጣ አንድ ነገር እግሬን መታኝ፤
ያ ባትሪ! ለካ ሰርቀህ አምጥተኸዋል።
ድንጋይ የለው፣ አያበራ፤
መዳፍህ ላይ አኖርኩት፤ «ያንተ ነው፣» አልኩህ፣ «ተራ።»
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ሲመታ ቆየና፣
ተራ ወታደር፣ በተራህ፣ ተራ ነገር ጠየቅኸኝ፦
«ጨዉ የት ነበር የሚቀመጠው?»