ቱብሊ፣ በመጋቢት

ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ይቀራል፣
ጭቃው ሲቀር የእኛ ተራ፤
ረፊቅ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣
ስንለቅም የሰው አሻራ፦
ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የእርጎ ዕቃ፣
ነጠላ ጫማ፣ ግራው ብቻ፣ ቀኙ የገባበት የማይታወቅ፤
ከማንግሮቭ ሥር ሰማያዊ ክር፣
ሲያዩት አጭር፣ ሲስቡት የማያልቅ።

ሳብኩት።
ክሩም መልሶ ሳበኝ።
ጫፉ ላይ ወፍ ነበረች፣
ከመዳፌ የማትበልጥ፣
ያበጠ እግሯን አጥፋ የቆመች።

ጥፍር መቁረጫ አወጣሁ ከኪስ፤
አንድ ዙር ፈታሁ፣ ሁለት ዙር፣
ልቧ ጣቴ ላይ ሲሄድ፣ ሲመለስ።
«ሙዲሩ መጣ» አለኝ ረፊቅ።
ይምጣ። እሱ ኪሎ ነው የሚቆጥር።

አውቃታለሁ፤ እሷን ባይሆን ዘሯን።
ጨፋ ላይ፣ ቦርከና ደክሞት ሲተኛ፣
በጥቅምት ትመጣ ነበር፣
ከከብቶቹ እግር ሥር ጭቃ ስትለቅም፣ ልክ ዛሬ እንደ እኛ።
እኔም ያኔ ከድልድዩ ላይ
የጫት ፌስታሌን ለቅቄ፣
«ወንዝ ይወስደዋል» እል ነበር፣
የት እንደሆን መች ጠይቄ።
አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም።
የጣልኩት ሁሉ እዚያው ነው ያለ፣
ሸምበቆው ላይ ተንጠልጥሎ፣
ከዓመት ዓመት እየዋለ፤
ሄዳ የምታገኘው እሷ ናት።

ለቀቅኳት።
ወደ ቤት የምትዞር መስሎኝ ነበር፤
መጋቢት ነውና ሰሜኑን ያዘች፣
ዘመድ ወደሌለኝ አገር።
ክሩን ጆንያ ውስጥ ከተትኩት፤
ሚዛኑ ላይ ምንም አልጨመረ።

ለጥቅምት ግን ትመለሳለች።
ከቦርከና ድልድይ ሥር
ጥፍር መቁረጫ ማን ይይዛል?