ጭረት

ስምህ ቸኮል ነበር፣ ቸኩለህ ባታውቅም፤
አሮጊት ሳትቀመጥ ፍሬን አትለቅም።
ከሐዴራ ጣቢያ እስከ ባሕሩ ዳር፣
ዓሥራ ስምንት ዓመት ያው መሪ፣ ያው ወንበር፤
ከኋላህ መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ፣
«ይለፉ» ነው መልስህ፤ «መንገዱ አይጠፋ።
ቀድሞ የሄደ ሁሉ ምን ከፊት አገኘ?»
አንተን የሚያጣድፍ ማን ነበር የተገኘ?

ለሠርጌ እንኳ መጣህ ብርጭቆው ከተሰበረ፣
ሰው መብላት ከጀመረ፤
ከአፉላ የተጠሩትን አሮጊቶች ከየደጃቸው ስትለቅም አምሽተህ።
«ሙሽራ አይሸሽም» አልከኝ፣ ላብህን በክራባትህ ጠርገህ።

ያን ማክሰኞ ግን፣
ከኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫ ግርጌ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ፣
የእጅ ፍሬን ስበህ፣ በሩን ከፍተህ፣ ሰው ወርዶ በተርታ፣
አንተ ብቻ ሳትወርድ ቀረህ በዝምታ።
እንቅልፍ መስሏት አንዲት ወታደር ልጅ፣
በሁለት ጣት ነካች መሪ ላይ የቀረ እጅ፤
«ሾፌር፣ ደርሰናል እኮ» አለችህ።
ደርሰህ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ያውጣ፤
ምናለ አርባ ሦስት ዓመት ዝም ብሎ፣ ያን ለት ባይመጣ?

ከቀብሩ ቢሮ መስኮት ጸሐፊው ቀና አለ፤
«ምኑ ነህ?»
«ወንድሙ።»
«ከአንድ እናት?»
«እናቶቻችን እህትማማች ናቸው፤
ማናቸው ማንን እንዳጠቡ ራሳቸውም አይለዩ።»
«እንግዲያ የአክስት ልጅ ነህ» አለ።
በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ናት። ጻፋት፤ ማኅተም መታባት።

ሕጉ የሚቆጥረው ሰባት ዘመድ ነው፤
አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣
ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፤
እኔ ስምንተኛ።
ምላጭ የያዘው ሰው በሰልፋችን መጣ፤
የአባትህን የፈረደን ኮት ቀደደ፣ የወንድምህን የያየህን ቀደደ፣
እኔን አየኝና፣ ዘሎኝ ወዲያ ሄደ።
ሙሉ ሸሚዝ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ትዝ ይለኛል የካራቫኑ ክረምት፣
ጣሪያው ሲንቋቋ፣ አንድ ፍራሽ ለሁለት፤
አክስቴ ስንቄ ሩዝ ስትቀቅል መስኮቱ አልቦት፣
በላቡ ላይ በጣትህ ጻፍክልኝ።
መምህሯ በጠዋት «አንተ ጻሒ ሁን» ብላህ፣
«እምቢ» ብለህ ነበር የዋልክ።
«ይኼ ጸዴ ነው» አልከኝ፤ «ጸ ይላል። ከራሱ በላይ
ቅንጣት ጭረት ስታክልበት፣ የኔ ቸ ይሆናል፤ እይ።
በዚህ አገር በዚች ጭረት ነው የምኖረው፤
እሷን ከረሱ፣ የሚጠሩት ሌላ ሰው ነው።»
ከዚያ ጣትህን በሱሪህ አበስክ፤
ስምህ በመስታወቱ ላይ ተንጠባጠበ፣ ወረደ፣ እስከ ክፈፉ።

ዛሬ ዓመትህ ነው። ቄሱ ጸልየው ሲያበቁ፣
ሴቶቹ ዕንባቸውን በነጠላ ሲያደርቁ፣
እኔ ድንጋይህን አነበብኩ፤ ነጭ እብነ በረድ፣ ጥቁር ፊደል፤
የተወለድክበት ቀን ግምት፣ የሞትክበት እቅጩ፣ ከላዩ፦
ጸኮል።

ማነው ጸኮል?
ማንን ነው ዓመት ሙሉ ስናለቅስለት የከረምነው?

ሰው ወደ መኪናው ሲያዘግም ወደ ኋላ ቀረሁ።
የቤትህ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው፤ ማንም መልስ አላለኝም፤
ከጸዴዋ ራስ በላይ በጫፉ ጫርኩ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።
እብነ በረድ ጠንካራ ነው። ዘበኛው አየኝ፤ አልተናገረኝም።
ከጥፍር የምታንስ፣ ጠማማ።
አንተ ብታያት ትስቅ ነበር።

ከበሩ ስወጣ የአንተ መስመር ደረሰ፤
እጄን ባነሣለት፣ አይቶኝ ገሰገሰ።
አዲስ ነው።
ደኅና ልጅ ነው ይላሉ፤
ብቻ ይቸኩላል።