የሸሚዙ ጫፍ

ስንዴው ገብቶ ሲያልቅ፣ ጎተራው ሲዘጋ፣
በሳስካችዋን ሜዳ ውርጩ ሲዘረጋ፣
የወጥ ቤት ጠረጴዛ ከእኛ ይወሰዳል፣
እስከ ፋሲካ ድረስ የጨርቅ ማሳ ይሆናል።
እራት እንበላለን ሳህን በእጃችን ይዘን፣
ደርዊን ደረጃው ላይ፣ እኔና አባቴ ቆመን።

ስፒል የሌለበት ቦታ ቤታችን ውስጥ የለም፤
ካልሲ ውስጥ፣ ስኳር ውስጥ፣ አንዴማ (ሳቅ አይደለም)
ከድንቹ ሾርባ ውስጥ የአባቴ ጥርስ አገኘው፤
ኦርቫል ምን ይላል? አወጣው፣ በጣቱ ጠረገው፣
ኮሌታው ላይ ሰካው፣ መብላቱን ቀጠለ፤
“ጨው ትንሽ አንሶታል፣” ይህንን ብቻ አለ።

“የሱቅ ጨርቅ ማንን ያውቃል?” እናቴ አርዲስ ትላለች፤
ሰው የለበሰውን፣ ሰው የጨረሰውን ትለቅማለች፦
የደርዊንን የሆኪ ማሊያ፣ ክርኑ የተበላ፣
የአክስቴን የዌንዳን መጋረጃ፣ ፍቺዋ ካለቀ በኋላ፣
የእኔን የልደት ቀሚስ፣ ኬክ ያረፈበት፣
የአያቴን ፒጃማ፣ ሆስፒታሉ በፌስታል የሰጠን የሞተ ለት።
የከተማ ሰው ቢያየው ድሪቶ ይለዋል።
ይበል። ከዜሮ በታች አርባ ሲገባ ይገባዋል።

ደርዊን ሊያገባ ሲል፣ የእሱን ስትሰፋ፣
መሀል ኮከቡ ላይ ሰማያዊው ጠፋ።
ሳጥን ተገለበጠ፣ ከረጢት ተራገፈ፤
አንዱ የነጣ፣ አንዱ የጠቆረ፣ አንዱ ቀለሙ የረገፈ።
የፈለገችውማ የተልባ አበባ ነው፣
ጠዋት ሜዳውን ሐይቅ አስመስሎ ቀትር ላይ የሚጠፋው።
ሁለት ቀን አኮረፈች። በሦስተኛው ማታ
ከላይኛው ክፍል መቀስ ቀጭ አለ፤ ዝም፤ ደግሞ ቀጭ፣ ላንዳፍታ።
ሲነጋ ኮከቡ ሙሉ ነበር። አልጠየቅናትም።
እሷም ትንፍሽ አላለችም።

ስድስት ዓመት አለፈ። ጎረቤታችን ሌስተር ሞተ፤
አባቴ ደህናውን ሸሚዝ ከቁም ሳጥን ጎተተ።
ጁላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤
ኮቱን አውልቆ ተነሣ፣ በኮት ማን ሬሳ ይሸከማል?
ሳጥኑን ከፍ ሲያደርጉ ሸሚዙ ከሱሪው ወጣ፤
ጫፉ የለም! በካሬ ተቆርጦ የአባቴ ወገብ ነጣ።
ከኋላ የተቀመጠ መንደር እንዳለ አየ፤
ኦርጋን የምትመታዋ ሴት እንኳ ጣቷ ተለያየ።
እናቴ ፊቷን በመዝሙር መጽሐፍ ጋረደች፤
ታልቅስ ትሳቅ አላወቅሁም፣ ብቻ ተንቀጠቀጠች።

በፒካፑ ሦስታችን ተጣበን ስንመለስ
ኮረኮንቹ እስኪጀምር ማንም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ።
“ኦርቫል፣ ያ ሸሚዝ . . .”
“አውቃለሁ።”
“ከመቼ?”
“ከደርዊን ሰርግ። ዳንሱ ላይ ወገቤን በረደኝ።”
“እና ስድስት ዓመት ሙሉ!”
አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ በመስኮት ተመለከተ፤
ረፋድ ነው፤ ተልባው ገና አልረገፈም።
“ደህና ቦታ ነው የሄደው፣” አለ።
ማርሽ ቀየረ።

በነጋታው ያለ ወሩ ጠረጴዛው ተወሰደ፣
መርፌዋ ሸሚዙ ላይ ወጣ፣ ወረደ፤
ሰማያዊ አጥታ ይሁን፣ ወይም ፍለጋው ሰልችቷት፣
የዌንዳን መጋረጃ፣ ያንን ቀይ ጽጌረዳ፣ ጣፈችበት።
ዛሬም ለሰርግ ለቀብር አባቴ እሱን ይለብሳል፤
የአክስቴን ፍቺ ሱሪው ውስጥ ሸጉጦ ይሄዳል።
እናቴ ሁለት ስፒል ነክሳ በሩ ላይ ትቆምና፣
“ኮትህን እንዳታወልቅ!”